ልጁን ይመስላል

ጋሽ ሚዛን ከቋንቋ ትምህርት ቤታቸው የኋላ ደረጃ ሥር ወድቀው ሲገኙ ዝናቡ አባርቶ፣ ጣሪያው ግን ገና ያንጠባጥብ ነበር። ያገኛቸው ዘበኛው ነው። እንደ ልማዱ ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ ሰሌዳውን ጠረገ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ የኋላውን በር ሊቀረቅር ሲል ወደ ታች ቢመለከት አለቃው የብረት ደረጃው በሚያልቅበት ድንጋይ ላይ ተዘርረዋል። ሸሚዛቸው ደረቱ ላይ ተጨማድዶ ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል። ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው ደግሞ የገዛ ሸሚዙን አንቆ አይወድቅም።

ሚዛን ወላጆቻቸው የሰጧቸው ስም አልነበረም፤ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ነው። እንግሊዝኛን እንደ ወርቅ እየመዘኑ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በተለይ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር መመሳሰሉን የሚገልጹ ሐረጎች ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ ይላል። «‹ዘ ሴም› ስትሉ ‹አንድ ነው› ማለታችሁ ነው፤ መመለሻ የለውም» ይሉ ነበር። «‹ሲሚላር› ስትሉ ይቀርበዋል፣ ግን እሱ አይደለም። ‹ኢን ሰም ሪስፔክትስ›፣ በአንዳንድ ነገር፣ ካላችሁ ደግሞ ‹በምን በምን?› ብዬ እጠይቃችኋለሁ። መልስ ከሌላችሁ አፋችሁን ዝጉ። ይህን ሳትለዩ ሰው ላይ ከመሰከራችሁ ያስተማርኳችሁ ቋንቋ አይደለም፤ ገመድ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ወደ ግቢው ስትገባ ጉዳዩ አልቆ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ንግግር በእሷ በኩል ሲያልፍ ገለባው ስለሚቀር። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ያራግፋል።

«ልጁ ተይዟል» አላት። «ከአባቱ ጋር ለዓመታት ተኳርፎ ትናንት መጣ፤ ተጨቃጨቁ፤ ገፋው። ከማዶ ካለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዲት የውጭ አገር መካኒክ በመስኮት አይታዋለች። የቀረሽ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ቃሏን በምን ቋንቋ ሰጠች?»

«በእንግሊዝኛ። የሟች ታናሽ ወንድም ተረጎመላት። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ከየት ልታመጪ ነው?»

«የሟች ወንድም» ብላ ደገመችው።

«አንቺ ደግሞ! ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ እንባውን ጠርጎ ነው የተባበረን። በይ ፈርሚና እንገላገል። ካልፈረምሽም ሌላ ይፈርማል።»

«እንግዲያው ሌላ ይፈርም። ያላጣራሁት ነገር ላይ ስሜ አያርፍም።»

አለቃዋ ጃንጥላውን ጨብጦ አፈጠጠባት። አፈጠጠችበት። በመጨረሻ እጁን አወናጭፎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሲሄድም «እስከ ነገ!» ብሎ ጮኸ።

መርማሪዋ በኋላው ደረጃ ወጣች። መሃል ላይ ስትደርስ እግሯ ባዶ አየር ረገጠ፤ የደረጃውን መደገፊያ ባትይዝ ኖሮ ወደ ታች በሄደች። አንዱ እርከን ከግማሹ በዝገት ተበልቶ ረግፏል፤ ከላይ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ከኋላዋ የሚከተለው አስር አለቃ ሱሪውን ሰብስቦ የተላጠ ቅልጥሙን አሳያት። «ትናንት እኔንም በልቶኛል።»

ዘበኛው ከላይ ሆኖ አየና ተሳቀቀ። «ይቅርታ ልጄ፣ ሳልነግርሽ! ካቻምና ክረምት ነው የተበላው። ጋሼ ዛሬ ነገ ሲሉ ቀረ። እኛማ ለምደነዋል፤ ዓይናችን ባያይ እግራችን ይዘለዋል።»

«የጋሼ ልጅስ?»

«እሱማ ከሄደ አምስት ዓመቱ። ትናንት በፊት ለፊት በር ገባ፣ በዚያው ወጣ። እኔው ነኝ የከፈትኩለት። ሲወጣ ፊቱ ሰማዩን ነበር የሚመስለው፤ ጥቁር።»

«ዞሮ በኋላ በኩል ሊመጣ አይችልም?»

ዘበኛው አሰበ። «እጁን ይዞ የሚከለክለው የለም፤ ይችላል። እኔ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አላየሁም ነው የምለው።»

«ሰሌዳው ላይ ምን ተጽፎ ነበር?»

«የፈረንጅ ፊደል ነዋ። እኔ የራሴንም በግድ ነው የምቆጥረው። መስመሩ አንድ ነበር፣ ፊደሉ ትልልቅ ነበር፤ እሱን ጠርጌ ወደ በሩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።»

መርማሪዋ አስር አለቃውን መካኒኳ የሰጠችውን ቃል እንዲያነብላት ጠየቀችው። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፤ «‹ከደረጃው ሲወርድ ያየሁት ሰው ልጁ ይመስላል።›»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

«ሴትዮዋ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው?»

አስር አለቃው ጭንቅላቱን አከከ። «እሷስ ብዙ ነው የተናገረችው። ልጁን አምጥተን ስናሳያት በእጇ ለካች፣ ትከሻዋን አሳየች፣ ተነስታ ሁሉ ተራመደች። አስተርጓሚው ግን ሲጨርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ። የፈረንጅ ቃል ረጅም ይሆናል ብዬ ነው።»

«ረጅምስ ይሁን» አለች መርማሪዋ። «ይህን ያህል ግን አይረዝምም።»

አስተርጓሚው በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ባለው ቢሮው ተቀበላት። አልፎ አልፎ በወንድሙ ትምህርት ቤት የሕግ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሲነሳ ቁመናው ያማረ፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው ነው። ረጅም ግራጫ ካፖርቱ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።

«ነፍስ ይማር። ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ፍርድ ቤት ነበርኩ። ከዚያ ዝናቡ ካፌ ውስጥ ያዘኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ግቢ እግሬን ያስገባሁት ፖሊስ ካስጠራኝ በኋላ ነው።»

«የወንድምዎን ልጅ ይጠረጥሩታል?»

አስተርጓሚው ዓይኑን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገ። «ልቤ እምቢ ይለኛል። ምስክሯ ግን ተናገረች፤ እኔ አፍ ብቻ ነኝ። አስተርጓሚ ማለት አፍ ነው። የሚያንገበግበኝ ምን መሰለዎት? ወንድሜ ‹ብዙ የሚያመሳስለን ነገር አለ› ብሎ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሲለምነው፣ ያ ልብ የሌለው ልጅ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ይህን ሠራ።»

መርማሪዋ «እግዜር ያጽናዎት» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የሟች ሴት ልጅና ባሏ ቆመው ጠበቋት። ሴት ልጃቸው ነርስ ነች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታለች። ባሏ ጀማሪዎችን የሚያስተምር ድንቡሽቡሽ ያለ አጭር ሰው ነው። እሱም ረጅም ግራጫ ካፖርት ለብሷል።

«ወንድሜ አልገደለም» አለች ነርሷ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ይህን ጻፊልኝ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ወንድሜ ሲናደድ ይሄዳል እንጂ አይጠጋም። አምስት ዓመት ሙሉ ሄዶ አሳይቶናል።»

«ለምን ነበር የሄደው?»

«አብሮ አደጉ ከማዶው ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ይሠራ ነበር። የጥጥ መጋዘኑን አቃጠልክ ተብሎ ተፈረደበት፤ እስካሁንም እስር ቤት ነው። ወንድሜ ችሎቱ መሃል ተነስቶ ‹ትርጉሙ ተጣሟል!› ብሎ ጮኸ፤ ጎትተው አስወጡት። ቤት ሲመጣ አባቴ ‹ካንተ አጎትህን አምናለሁ› አለው። በዚያው ቀን ልብሱን ሰብስቦ ወጣ።»

«የተረጎሙት አጎትሽ ነበሩ ማለት ነው?»

«ታዲያ ሌላ ማን አለ?» አለችና ንግግሯ ለራሷም እንግዳ እንደሆነባት ሁሉ ባሏን አየችው።

መርማሪዋ ወደ ባልየው ዞረች። «አንተስ ትናንት የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከታች፣ ብቻዬን። ዝናቡ ተማሪዎቹን በተነብኝ» አለ። «ጥርጣሬሽ ወደኔ እየመጣ ከሆነ ምክንያት ላቀብልሽ፦ ጋሼ ‹ሲሚላር እና ሴምን የማይለይ አማች ነው እግዜር የሰጠኝ› ብለው እስከ ትናንት ድረስ ከጀማሪ ክፍል አላወጡኝም። ግን እንኳን ልገፋቸው፣ ደረታቸው ላይ ለመድረስም ወንበር ያስፈልገኝ ነበር።» ቀልዱን ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሚስቱ እጁን ያዘችው።

ልጁን ጣቢያ ሄዳ አገኘችው። ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ሲዞር ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። አጭር ጃኬት ነው የለበሰው።

«ገደልክ ልትይኝ ነው ወይስ ልትጠይቂኝ?»

«ልጠይቅህ።»

«እንግዲያው የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«አባትህ ሰሌዳው ላይ ምን ጻፉ?»

ልጁ ፊቱን አዞረ። «እሱ የእኔና የአባቴ ነው። ለፖሊስም፣ ለዘመድም፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺም አልናገርም። ስቀሉኝ ከፈለጋችሁ።»

«ለማንም?»

«ለማንም አልኩሽ!»

ፋብሪካው ውስጥ መካኒኳ ከአንድ ትልቅ የሽመና ማሽን ሥር በጀርባዋ ተንሸራታ ወጣች። ጠና ያለች፣ እጇ እስከ ክንዷ ዘይት የጠጣ ሴት ነች። የመርማሪዋ እንግሊዝኛ እንደ ጠጠር መንገድ የሚንገጫገጭ ነው፤ ግን አላፈረችበትም። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ያልገባኝን ደጋግሜ እጠይቅሻለሁ» አለቻት።

መካኒኳ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ከመስኮቱ የትምህርት ቤቱ የኋላ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ይታያል።

«ሲወድቁ አላየሁም» አለች። «ያየሁት አንድ ሰው በዚህ ደረጃ ሲወርድ ነው። ታች ደርሶ አንድ ነገር ላይ አጎነበሰ፤ ቀና አለና በጓሮ በኩል ሄደ። ፊቱን አላየሁም።»

«ያሳዩሽን ልጅ ነው?»

«አይደለም! እንደዚያ አላልኩም። ‹ሂ ቤርስ ሰም ሪዘምብላንስ› ነው ያልኩት። ‹ሰም›፤ ጥቂት። ልጁን በጥቂቱ ይመስላል።»

«በምን በምን?»

መካኒኳ ፈገግ አለች። «ሽማግሌውም እንዲህ ነበር የሚጠይቁኝ። በትከሻው። አንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ ከልጁ ትከሻ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ካፖርቱ ግን ከልጁ ጃኬት ጋር አይገናኝም፤ ረጅም ነው፣ ጉልበት ያልፋል። አካሄዱም የልጅ አካሄድ አይደለም። ደግሞ መሃል ላይ የተሰበረ እርከን አለ፤ ሰውየው ሳያይ፣ መደገፊያውን ሳይነካ፣ እየፈጠነ ዘለለው። እኔ የማሽን ሰው ነኝ፤ እጅና እግር የለመደውን ሥራ አውቀዋለሁ።»

«ይህን ሁሉ ለአስተርጓሚው ነግረሽዋል?»

«ሁሉንም። እንዲያውም ሊሄድ ሲነሳ ‹አይቀየሙኝና ሰውየው ከእርስዎም ጋር የሚጋራው ነገር አለው፤ ያው ትከሻው› አልኩት። ሳቀና አመሰገነኝ። ለፖሊሱ የነገረው መስሎኝ ነበር።» ከዚያ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በእኔ ቃል ሰው ሲታሰር ይህ ሁለተኛዬ ነው።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ሁለተኛ?»

«የዛሬ አምስት ዓመት ማሽን ልተክል መጥቼ ነበር። መጋዘኑ ሲቃጠል የሚሮጥ ሰው አየሁ። ለዳኛው ‹ተከሳሹ ከዚያ ሰው ጋር በቁመትና በኮፍያው ሲሚላር ነው፤ ሌላ ለማለት አልችልም› አልኩና አገሬ ገባሁ። በሌላ ማስረጃ የፈረዱበት መስሎኝ ነበር። አሁን ስመለስ ነገሩን ለሽማግሌው አጫወትኳቸው፤ እንግሊዝኛ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር። ያልኩትን ደጋግመው አስባሉኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና ‹ልጄ እውነቱን ነበር› አሉ። ልጃቸው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።»

መርማሪዋ ከፋብሪካው ወጥታ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ተመለሰች። «አንተ የተሰበረውን እርከን አታውቀውም» አለችው ልጁን። «ገዳዩ ያውቀዋል። ስለዚህ አንተ አይደለህም። አሁን ግን የሰሌዳውን ቃል ካልነገርከኝ ገዳዩ እየሳቀ ይሄዳል።»

ልጁ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። «‹ዊ ሃቭ ኤ ሎት ኢን ኮመን›» አለ። «ብዙ የሚያመሳስለን ነገር አለ። ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ ሐረግ መርጦ ነው። ‹እኔም እንዳንተ ግትር ነኝ፤ ነገ ዳኛው ፊት ቆሜ ያንተን ቃል እናገራለሁ› አለኝ። እኔም ‹ስትቆም አየሃለሁ፤ እስከዚያ ምንም አያመሳስለንም› ብዬው ወጣሁ።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ነበር፣ ገባሽ?»

መርማሪዋ አጠገቡ ተቀመጠች።

በማግስቱ ሁሉንም በላይኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ነርሷና ባሏ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ዘበኛው ኮፍያውን ይዞ በሩ ሥር ቆመ፤ ልጁ ከአስር አለቃው ጋር በካቴና ገባ። መካኒኳ ከመስኮቱ አጠገብ ናት። አስተርጓሚው ጥቁር ከረባቱን አስተካክሎ የመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ። አለቃዋ ከኋላ ሆኖ ሰዓቱን ያያል።

«አጭር አድርጊው» አላት።

«አጭር በማድረግ ነው እዚህ የደረስነው» አለች መርማሪዋና ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «መካኒኳ ያየችውን እንደገና ትናገራለች። እባክዎ ይተርጉሙልን።»

መካኒኳ ተናገረች። አስተርጓሚው አፉን ከፈተና ዓይኑ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ላይ አረፈ። ሁለቱም እንግሊዝኛን ከጋሽ ሚዛን አፍ የተማሩ ናቸው።

«ከደረጃው ሲወርድ ያየሁት ሰው… ልጁን ይመስላል» አለ።

«ልጁን?»

«ልጁን።»

«ከትናንት ወዲያ የተጻፈው ‹ልጁ ይመስላል› የሚል ነው። ‹ልጁን› ካሉ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው፤ ‹ልጁ› ካሉ ራሱ ነው ማለት ነው።»

አስተርጓሚው ትከሻውን ነቀነቀ። «ጸሐፊው አንዲት ‹ን› ጣለ። በአንዲት ፊደል ሰው ልትከሱ ነው?»

«ጌታዬ፣» አለ አስር አለቃው ፊቱ ቀልቶ፣ «ደግሜ አንብቤልዎት ‹ልክ ነው› ብለውኛል።»

«ፊደሏን እንተዋት» አለች መርማሪዋ። «ከፊደሏ በኋላ የጠፋውን እንይ። መካኒኳ ሰውየው ልጁን በትከሻው ብቻ ይመስላል ብላለች። ካፖርቱ ረጅም ነው፣ አካሄዱ የጎልማሳ ነው፣ የተሰበረውን እርከን ሳያይ ዘሏል ብላለች። ይህ ሁሉ የት ሄደ? እርከኑ የተበላው ካቻምና ነው፤ ልጁ ከሄደ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ከትናንት ወዲያም የገባውና የወጣው በፊት ለፊት በር ነው። እኔ ቀን በብርሃን ወጥቼ ልወድቅ ነበር፤ አስር አለቃው ቅልጥሙን ልጧል። ልጁ በዝናብ፣ በንዴት፣ እየፈጠነ ሊዘለው አይችልም። ፍቱት።»

አስር አለቃው አለቃውን አየ። አለቃው ወደ ካቴናው በአገጩ አመለከተ። ካቴናው ተፈታ።

«ስለዚህ ሰውየው ደረጃውን የሚያውቅ ነው። ዘበኛችን ያውቀዋል፤ ግን ትከሻው እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ቀጥ ያለ ነው፣ ካፖርትም የለውም። አማቹ ደረጃውን ያውቃል፣ ካፖርቱም ረጅም ግራጫ ነው…»

«ትከሻዬ ግን መሬት ይነካል» አለ አማቹ በቀጭን ድምፅ።

«ትከሻህ ከእነሱ ቤት አይደለም፤ አንተ በጋብቻ ነው የመጣኸው። ያ ዝቅ ያለ ትከሻ የጋሽ ሚዛን ነው፤ የልጃቸውም ነው። የሌላም ሰው ነው። መካኒኳ ‹ከእርስዎም ጋር የሚጋራው ነገር አለው› ብላ ለራሱ ለአስተርጓሚው ነግራዋለች። እሱ ስቆ አመሰገናት፤ ወደ አማርኛ ግን አላሻገረውም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ትከሻ ዞረ። አስተርጓሚው ግን አልደነገጠም፤ እንዲያውም ቀና አለ።

«ኮመን! ሲሚላር!» አለ እየሳቀ። «ወንድሜ ምን ብሎ ነበር የሚያስተምረው? የሚመስል ሁሉ እሱ አይደለም። ‹ዘ ሴም› አላለችም! መመሳሰል ወንጀል ከሆነ አገሩን ሁሉ እሰሩት!»

«ትክክል ነዎት» አለች መርማሪዋ። «በመመሳሰል አልከስዎትም። የምከስዎት እሷ እርስዎን ስላየች ሳይሆን፣ እርስዎ ሰሌዳውን ስላዩ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«በሐዘንዎ መሃል ‹ወንድሜ ብዙ የሚያመሳስለን ነገር አለ ብሎ በትልልቅ ፊደል ጻፈለት› ብለውኛል። ያንን ቃል ጋሽ ሚዛን የጻፉት ልጃቸው ፊት ነው። ልጁ ለማንም አልተናገረም። ዘበኛው ሬሳውን ከማየቱ በፊት ጠርጎታል፤ ማንበብም አይችልም። ፖሊስ ሲደርስ ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። ቃሉ በዚህ ግድግዳ ላይ የኖረው ልጁ ከወጣ ጀምሮ ዘበኛው እስኪመጣ ድረስ ነው። እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እግሬን አላስገባሁም ብለዋል። ታዲያ የት አነበቡት?»

አስተርጓሚው ንጹሑን ሰሌዳ ዞሮ አየ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን ያወቀው አሁን ነው።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» የሚል ሰው የሚፈልግ ይመስል ሁሉንም በየተራ አየ። ማንም አልረዳውም።

«ለምን?» አለች ነርሷ ከመቀመጫዋ ተነስታ። «አጎቴ፣ ለምን?»

«ማቅለሚያ ክፍሉ ስለነበረው ልጅ ነው» አለች መርማሪዋ። «መካኒኳ ያኔም ‹ሲሚላር› ነው ያለችው። ችሎቱ የሰማው ‹ራሱ ነው› የሚል ነው። ጋሽ ሚዛን ይህን ከራሷ አፍ ሰምተው ነገ ዳኛው ፊት እቆማለሁ አሉ።»

አስተርጓሚው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ድምፁ ሲወጣ ከልመና ይልቅ ቁጣ ነበረበት። «እናንተ ችሎት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛው ‹አዎ ወይስ አይደለም? አንድ ቃል!› ይላል። አዳራሹ ሁሉ አፌን ያያል። ‹በጥቂቱ፣ በመጠኑ፣ በአንዳንድ ነገር› ስል ያዛጋሉ፤ አስተርጓሚው አያውቅም ይላሉ። ንጹሕ ቃል ሰጠኋቸው! አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይመለሳል? ወንድሜን ለመንኩት። ‹እስረኛው የቀረው ጥቂት ነው፣ ይወጣል፣ ስሜን አታጥፋ› አልኩት። እሱ ‹ስምህ ከሰው ዕድሜ አይመዝንም› አለኝ። ደረቱን ያዝኩት… በሩ ክፍት ነበር… ልገፋው አልነበረም።»

«አስበው ይሁን ሳያስቡ እሱን ዳኛ ይመዝነዋል» አለች መርማሪዋ። «የወንድምዎን ልጅ በቦታዎ ሲያሳስሩት ግን አስበውበታል። ሌሊቱን ሙሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረዎት፤ ጠዋትም ለእኔ ደገሙት።»

ልጁ ወደ አጎቱ ተጠጋ። አስር አለቃው ሊይዘው ሲል መርማሪዋ እጇን አነሳች። ልጁ ከሰውየው ፊት ለፊት ቆመ፤ ሁለት ዝቅ ያሉ ትከሻዎች ተያዩ።

«አጎቴ፣» አለ፣ «ትከሻችን አንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለንም።»

አስተርጓሚውን ሲያወርዱት በፊት ለፊት በር ነበር። አለቃዋ ከመርማሪዋ አጠገብ ዘግየት አለና «ብትፈርሚ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ። «አልፈረምኩም» አለችው።

የቀለም ሠራተኛው ጉዳይ እንደገና ሲታይ ችሎቱ ጢም ብሎ ነበር። እሱ ከስቶ፣ ጸጉሩ ሸብቶ የተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል፤ አብሮ አደጉ ከፊት ወንበር ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል። መካኒኳ ለመመስከር ስትል መመለሻዋን አዘግይታለች። የሚተረጉምላት ሲፈለግ ነርሷ «እኔ» ብላ ተነሳች። ተከሳሹ የወንድሟ ጓደኛ ነው ተብሎ ዓቃቤ ሕጉ ተቃወመ። እሷም «ከተጣመመብኝ አዳራሹ ግማሹ የአባቴ ተማሪ ነው፤ ያርመኝ» አለች። ዳኛው ፈቀደ።

መካኒኳ ረጅም ተናገረች፤ በእጇ ለካች፣ ኮፍያ አሳየች፣ ጣቷን አወዛወዘች። ዳኛው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ።

«ባጭሩ» አለ። «ያየችው ይህን ሰው ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል።»

ነርሷ እጇን መደገፊያው ላይ አደረገች።

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ቃል አላለችም። አንድ ቃል ያለው አጎቴ ነው፤ ይህ ሰው አምስት ዓመት የታሰረው በዚያ ነው። ዛሬ ያለችውን በሙሉ እላለሁ። ከቸኮሉ ሌላ ቀን ይቅጠሩን፤ እኔ ግን አላሳጥርም።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ፣ ሳጥኑ ውስጥ የቆመውን ሰው አየው፤ ከቅድም ጀምሮ ገና ማየቱ ነበር።

«ቀጥዪ» አለ።

ቀጠለች።